ልጃችሁ ኤምባሲ ተመዝግባለች? የቆንስላ ነገር በእድር ቋንቋ

ሰላም ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬም ከኮዬ ፈጬ ነን። ከጀርባ የምትሰሙት ጩኸት ከላይ ፎቅ ሴራሚክ እየተቆረጠ ነው፣ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ገና ፍራሽ ሳያስገባ ወለል ነው የሚያፈርሰው፣ ምን ይደረግ፣ ቻሉት። ርዕሳችን ውጭ ሀገር ያለ ሰው ኤምባሲ ወይ ቆንስላ፣ ማለትም ውጭ ያለ ዜጋችንን ጉዳይ የሚያየው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት፣ ሄዶ የሚመዘገበው ነገር ነው፣ ምንድነው፣ ምን ያደርጋል፣ ምን አያደርግም። አዲስ የመጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ የቆያችሁት ደግሞ ላይክ ማድረግ አይከብድም እኮ፣ ጣት ነው።

እዚህ ሰፈር ከብሎክ ብሎክ ብትዞሩ ልጄ ዱባይ ናት፣ ልጄ ጅዳ ናት፣ እህቴ ቤሩት ናት የማይል ቤት ማግኘት ይከብዳል። ተመዝግባለች ወይ ብላችሁ ጠይቁ ግን። "የት ነው የምትመዘገበው?" ይሏችኋል፣ ወይ ደግሞ "ኤምባሲ ምን ሊያደርግላት!" ይሏችኋል። ሁለተኛው መልስ ነው እኔን ዛሬ ካሜራ ያስበራኝ።

እስቲ በእድር ላስረዳችሁ። እድር የማያውቅ ካለ ቻናል ተሳስቷል፣ ሰላም ግባ ብለን እንሸኘው።

እዚህ ስንገባ ሰዉ ከየትም ከየትም ነው የመጣው፣ ዕጣ የወጣለት አለ፣ መሃል ከተማ ቤቱ ፈርሶ የመጣ አለ፣ ተከራይ አለ፣ ማንም ማንንም አያውቅም። መጀመሪያ ጥበቃ ቀጠርን፣ ከዛ እድር አቋቋምን። መዝገቡን ብታዩት፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ ወፍራም ደብተር ነው፣ ጸሐፊው ጋሼ ኮሚናሉ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው መነፅራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው መነፅራቸውን ይፈልጋሉ። ስትመዘገብ ስምህን ብቻ ተቀብለው የሚለቁህ እንዳይመስልህ። ባለቤትህ ማናት፣ ልጆችህ እነማን ናቸው፣ እናት አባትህ በሕይወት አሉ፣ የባለቤትህስ እናት፣ ስልክ፣ ሌላ ስልክ። እኔ ተሰላችቼ ጋሼ ይሄ ሁሉ ለምንድነው ብላቸው "ቀን ሲመጣ አንተ አፍ አይኖርህም፣ መዝገቡ ነው የሚያወራልህ" አሉኝ። በቃ። የቆንስላ ምዝገባ ማለት ይቺው ናት።

ለቅሶ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፣ መጀመሪያ መዝገቡ ይገለጣል፣ ስሙ ተገኘ፣ ድንኳን ይወጣል፣ ወንበር ይወጣል፣ ትልቁ ብረት ድስት ይወጣል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ያልተመዘገበ ሰው ሲሆንስ? ጎረቤት ጨካኝ አይደለም፣ ይመጣል፣ ያለቅሳል፣ ንፍሮ ይበላል፣ ግን ድንኳኑ እስኪወጣ ኮሚቴው ይሰበሰባል፣ ማነው፣ የየትኛው ብሎክ ነው፣ ማን ያውቀዋል፣ እስኪጣራ ሰውየው ተቀብሮ ሰልስቱ ይደርሳል።

ደግሞ ቤት ቀይረህ ካላሳወቅክ ጥሩምባ ነፊው የድሮ በርህ ላይ ነው የሚነፋው። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፣ እድር ሬሳ አያስነሳም። ድንኳን ይጥላል፣ ያስተዛዝናል፣ ይቀብራል፣ ለምን አላስነሳችሁትም ብሎ የከሰሰ ግን የለም። ኤምባሲ ላይ ሲሆን ግን እንከሳለን። ቆንስላ ከእስር አውጥቶ ሊወስዳት አይችልም፣ ዳኛ አያዝም፣ ቅጣት አይከፍልም፣ ከፊል የሚሉት ስፖንሰር አሠሪዋ አልለቅም ካለ የሀገሩን ሕግ ሽሮ ኤርፖርት አያደርሳትም። ማየት፣ መጠየቅ፣ ጠበቃና አስተርጓሚ ማፈላለግ፣ ደሞዟን እንዲከፍሏት መጻፍና መከራከር፣ ወረቀት መስጠት፣ ቤተሰብ ማሳወቅ፣ እሱን ነው የሚችለው። አንዳንዱ ኤምባሲ ስልክ ማንሳትም አይወድም፣ አውቃለሁ፣ ኮመንት ላይ እንዳትሰድቡኝ፣ እኔም ተናድጄ አውቃለሁ። ስልክ አያነሱም ብሎ አለመመዝገብ ግን ሌላ ነገር ነው።

እሺ ቴክኒካሉ፣ በፍጥነት፣ መሠረቱን ታውቃላችሁ ብዬ ነው። የት? በምትኖርበት ከተማ ክልል ያለው ጋ፣ ሳዑዲ ከሆነች ሪያድ ኤምባሲ አለ ጅዳ ቆንስላ ጄኔራል አለ፣ ኤምሬትስ ከሆነች አቡዳቢ ኤምባሲ ዱባይ ቆንስላ፣ ሊባኖስ ቤሩት ቆንስላ። በምን? ፓስፖርት ኮፒ፣ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ካላት እሱን፣ ጉርድ ፎቶ፣ የምትሠራበት ቤት አድራሻ፣ የአሠሪ ስልክ፣ እዚህ ያለ የቅርብ ሰው ስልክ፣ አንዳንዱ ኦንላይን ፎርም አለው አንዳንዱ በአካል ነው፣ መጀመሪያ ጠይቁ። ምን ይሠራሉ? ፓስፖርት ሲያልቅ ማመልከቻ ይቀበላሉ፣ የሚታተመው ግን እዚህ ኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው፣ ስለዚህ ሊያልቅ ወር ሲቀረው አይደለም የሚኬደው፣ ቀደም ብሎ ነው። ፓስፖርት ከጠፋ ወይ ማዳሟ ከያዘችባት ሀገር ቤት ለመግባት ብቻ የሚሆን ሌሴ ፓሴ ይሰጣሉ። ውጭ ለተወለደ፣ ላገባ፣ ለተፋታ፣ ለሞተ ኢትዮጵያዊ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አለ፣ አዋጅ 760/2004 ነው። ውክልና ደግሞ እዛ ቆንስላው ፊት ይፈረማል፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተሙን ያረጋግጣል፣ ከዛ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል፣ ከዛ ነው ባንክም ክፍለ ከተማም የሚቀበላችሁ። ውጭ ጉዳይን ዘለው ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደው ሙሉ ቀን ተሰልፈው የሚመለሱ ሰዎች ያሳዝኑኛል። አለቀ፣ ቴክኒካሉ ይሄው ነው፣ ያመለጣችሁ ወደ ኋላ መልሱት።

አሁን ወደ ሌላ ልገባ ነበር፣ ግን ባለፈው ቪዲዮ ሥር ተደጋግሞ የመጣ ኮመንት አለ፣ ካልመለስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። እንዲህ ይላል፣ "ኤምባሲ የኢትዮጵያ መሬት ነው፣ ልጄ በሩን ካለፈች ሀገሯ ገባች ማለት ነው፣ ምዝገባ ምን ያደርግላታል?" ሌላዋ ደግሞ "ኤምባሲ ግቢ ካልወለደች ልጇ ኢትዮጵያዊ አይሆንም አሉኝ፣ እውነት ነው ወይ?" ትላለች። ማነው ያላችሁ እናቴ? ደላላ ነው አይደል?

ኤምባሲ የኢትዮጵያ መሬት አይደለም። አይደለም። ሪያድ ያለው ኤምባሲያችን የቆመው ሳዑዲ መሬት ላይ ነው፣ የሳዑዲ ሕግ ነው የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ1961 ቪየና የተፈረመው የዲፕሎማቲክ ስምምነት አንቀጽ 22 የሚለው ያለ ኤምባሲው ፈቃድ የሀገሩ ፖሊስ ግቢው ውስጥ አይገባም ነው። መሬቱ የናንተ ሆነ አላለም፣ አትግባ ነው ያለው። ቆንስላ ላይ ደግሞ ጥበቃው ትንሽ ይሳሳል፣ እዛው ቪየና እ.ኤ.አ. በ1963 በተፈረመው የቆንስላ ስምምነት ጽሕፈት ቤቱ በእሳት ከተያያዘ የቆንስላው ኃላፊ እንደፈቀደ ተቆጥሮ ሊገባ ይችላል፣ ኤምባሲ ላይ እሳትም ቢሆን እንዲህ የሚል አልተጻፈም።

ምሳሌ ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ፣ እዚሁ ከተማችን ጣልያን ኤምባሲ። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ደርግ ሲወድቅ ባለሥልጣናት ሮጠው ገቡ፣ የአንድ ሳምንት ፕሬዝዳንት የነበሩት ተስፋዬ ገብረኪዳን ነበሩበት፣ ብርሃኑ ባየህና አዲስ ተድላም ነበሩ። ተስፋዬ እዛው ግቢ ውስጥ ሞቱ። ሁለቱ ሠላሳ ዓመት ገደማ እዛ ግቢ ኖሩ፣ ሠላሳ ዓመት! መሬቱ የጣልያን ቢሆን ኖሮ እኮ በማግስቱ ሮም ሄደው ማኪያቶ ይጠጡ ነበር። መንግሥት አልገባም፣ እነሱም መውጣት አልቻሉም፣ ከበሩ አንድ እርምጃ ሲወጡ አዲስ አበባ ነው። የሰፈራችሁ ልጅም ቆንስላ በር ውስጥ ብትገባ ለጊዜው ማንም ጎትቶ አያወጣት ይሆናል፣ የመውጫ ቪዛዋ ግን አሁንም እዛ ሀገር መሥሪያ ቤት ነው ያለው። በ2012 ክረምት መግቢያ ላይ ቤሩት ውስጥ ኢኮኖሚው ሲናጋ አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቆንስላው ደጅ ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ አይታችኋል፣ ደጁ ላይ ስለተገኙ ብቻ ያን ቀን አውሮፕላን የተሳፈረ የለም።

ስለሚወለደው ልጅ የጠየቁኝ እናቴ፣ እርስዎ አያስቡ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይላል፣ ሆስፒታል ቢወለድ፣ ታክሲ ውስጥ ቢወለድ፣ የማዳም ቤት ቢወለድ። ችግሩ ዜግነቱ ላይ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ነው፣ ስለዚህ ካልተመዘገበ ፓስፖርት የሚወጣበት ነገር ይጠፋል። እዛ ሆስፒታል የሰጣትን ማስረጃ ትያዝ፣ ቆንስላው ጋ ሄዳ ታስመዝግበው። ደግሞ አንዴ ውጭ ሀገር ፓስፖርት የያዘ ሰው፣ ማለትም የሌላ ሀገር ዜግነት የወሰደ፣ በእኛ ሕግ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ለቋል ነው የሚባለው፣ ጥምር ዜግነት የለንም፣ የሱ መንገድ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው፣ እሱን ሌላ ቀን።

ብዙ ወሰደብኝ አይደል። እሺ፣ አሁን ዋናው ላይ።

ያው በ1963ቱ ስምምነት አንቀጽ 36 ላይ አንድ ነገር አለ፣ አንድ ዜጋ ውጭ ሀገር ሲታሰር፣ እሱ ከጠየቀ፣ የሀገሩ ባለሥልጣናት ሳይዘገዩ ለቆንስላው ማሳወቅ አለባቸው። እሱ ከጠየቀ። መብቷን ሊነግሯት ይገባል፣ ይነግሯታል ወይ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት፣ ሄዳም ከሆነ ዛሬ ማታ ኢሞ ላይ ስትደውል፣ "ብትያዢ መጀመሪያ ቆንስላዬን አሳውቁልኝ በይ" በሏት።

ጠየቀች እንበል፣ ቆንስላው ማናት ይላል። እዚህ ጋ ነው ቤተሰብ የሚወድቀው። ታችኛው ብሎክ ያሉ አንድ እናት ልጄ ስልኳ ከተዘጋ ቆየ ብለው መጡ፣ ስሟ ማነው አልኳቸው፣ "ሚሚ"። የፓስፖርት ስሟስ? ዝም። ከመብራት ደረሰኝ ጋር አጣጥፈው ያስቀመጡት የፓስፖርት ኮፒ ነበራቸው፣ አወጡት፣ እጥፋቱ ቁጥሯ ላይ ነው የወደቀው፣ ኢፒ የሚለው ይታያል የመጨረሻዋ ቁጥር ሦስት ትሁን ስምንት አትለይም። ስሙን ሳነበው ሚሚ የለችም፣ የአባት ስምም ሌላ ነው፣ ደላላው ነው የሞላላት። ጅዳ ያለ ሰው ሚሚን ከየት ያምጣ! ተመዝግባ ቢሆን ፎቶዋና የፓስፖርት ቁጥሯ እዛ አለ፣ እናትየዋ ስልካቸው እዛ አለ፣ ፍለጋው ከስም አይጀምርም። በ2006 ከሳዑዲ በጥቂት ወር ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ሲመለስ ስንቱ ነው ማንነቱን የሚያሳይ አንድ ወረቀት ሳይኖረው የተሰለፈ።

ስለዚህ አሁኑኑ፣ ቪዲዮውን አቁሙት ግድ የለም፣ ፓስፖርቷን ፎቶ አንስታ ትላክላችሁ፣ በሁለት ስልክ አስቀምጡት፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀውን ስልክ አትመኑ። የአሠሪዋን ስም፣ ከተማውን፣ ኤጀንሲውን ጻፉ። ቤት ስትቀይር ቆንስላው ጋ ያለውን አድራሻ ታስቀይር፣ ጥሩምባውን አስታውሱ ብያችኋለሁ። ወረቀት የሌላት ከሆነች፣ ከአሠሪ የጠፋች ከሆነች፣ "ብመዘገብ ለፖሊስ ይሰጡኛል" የምትል አለች፣ ቆንስላ የኛ መሥሪያ ቤት ነው እንጂ የነሱ ፖሊስ አይደለም፣ ወረቀት የሌላት እንደውም የበለጠ ያስፈልጋታል፣ ሌሴ ፓሴም የምታወጣው እዛው ነው። ይሄ የኔ አቋም ነው፣ የማይስማማ ኮመንት ላይ ይምጣ፣ እንከራከራለን።

የሚቀጥለው ቪዲዮ ውክልና ብቻ ነው፣ በተለይ ለወንድሙ ውክልና ሰጥቶ ቤቱን ተሸጦ ያገኘው ሰው ጉዳይ፣ ምን ዓይነት ውክልና እንደሰጠ ስታዩ ጉድ ትላላችሁ። ያላችሁን የውክልና ጥያቄ እስከ እሁድ ጻፉልኝ፣ የፓስፖርት ቁጥር ግን ኮመንት ላይ እንዳትለጥፉ፣ ባለፈው አንዱ ለጥፎ ሳጠፋለት ነበር።