ወንበዴው እጁ ተቸንክሮ ነበር

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ስለ ጥምቀት ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው አይጠፋም። «ከጌታ ጋር የተሰቀለው ወንበዴ መቼ ተጠመቀ?» ይላል፤ ክርክሩን የጨረሰ ይመስለውና ይቀመጣል። እውነቱን ልናገርና እኔም ድሮ እንዲህ እል ነበር።

እስቲ ሰውዬውን ደህና አድርገን እንየው። እጁም እግሩም ታስሯል። የቀሩት ሰዓታት ናቸው። ውኃ ልውረድ ቢል ማን ያወርደዋል? የቀረችው ምላሱ ነበረች፤ በእሷ «አስበኝ» አለና «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ተባለ። አያችሁ፣ እግዚአብሔር በውኃ አይታሰርም። የታዘዝነው እኛ ነን። ለመሆኑ እኔንና እናንተን ማን ቸነከረን?

ትእዛዙ ድብቅ አይደለም። ጌታ ለኒቆዲሞስ ከውኃና ከመንፈስ ስለመወለድ ነገረው። ማርቆስ 16፥16 ላይ ደግሞ «ያመነ የተጠመቀም ይድናል፥ ያላመነ ግን ይፈረድበታል» ይላል። እዚህች ጋ ቆም በሉ። ሁለተኛው ግማሽ «ያልተጠመቀ» አይልም፤ «ያላመነ» ነው የሚለው። ስለዚህ ሳይደርስለት የሞተውን ሰው ለመኮነን ጥቅሷን መምዘዝ አያስኬድም። ግን መጀመሪያው ግማሽም አልተሰረዘም! እምነትና ጥምቀት ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት፣ እኛ ነን መሃላቸው ገብተን የትኛው ነው የሚበልጠው እያልን የምናፋጥጣቸው።

እኔን ያሳመነኝ ግን የሮማዊው መቶ አለቃ የቆርኔሌዎስ ታሪክ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10። ጴጥሮስ ገና እየተናገረ፣ ስብከቱን እንኳ ሳይጨርስ፣ መንፈስ ቅዱስ በሰሚዎቹ ሁሉ ላይ ወረደ። ከውኃ በፊት! በእኛ ስሌት ቢሆን ጴጥሮስ «በቃ፣ ዋናው ነገር ተገኝቷል፣ ውኃው ይቅር» ማለት ነበረበት። እሱ ግን እንደ እኛ መንፈስ ቅዱስን የተቀበሉት እንዳይጠመቁ ውኃን ማን ይከለክላል አለ፣ እንዲጠመቁም አዘዘ። መንፈሱ መውረዱ ራሱ ነው የማጥመቂያ ምክንያት የሆነው።

በሌላ በኩል ውኃ ገብቶ የወጣ ሁሉ ጉዳዩን ጨረሰ ማለትም አይደለም። ሲሞን ጠንቋዩ ተጠምቆ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ብር ይዞ መጣና ጴጥሮስ ልክ አስገባው። ጴጥሮስ ራሱ በመልእክቱ ጥምቀት ያድናል ካለ በኋላ የሰውነት እድፍ ማስወገድ እንዳልሆነ ወዲያው የሚያክለው ለዚህ ይመስለኛል።

ሕፃናት ይጠመቁ ወይስ አይጠመቁ የሚለው ውስጥ ዛሬ አልገባም። እ.ኤ.አ. በ1527 በስዊዘርላንድ ዙሪክ ውስጥ ፌሊክስ ማንዝ የሚባል ሰው በሕፃንነታቸው የተጠመቁ አዋቂዎችን ዳግመኛ ታጠምቃለህ ተብሎ ወንዝ ውስጥ ሰጥሞ እንዲሞት ተደርጓል። ስለ ውኃ ተከራክረው በውኃ ገደሉት።

እኔን የሚያሳስበኝ ማዘግየቱ ነው። የሮሙ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ እንኳ የተጠመቀው እ.ኤ.አ. በ337 ሊሞት ሲል ነው። በዚያ ዘመን ከጥምቀት በኋላ ኃጢአት መሥራትን ፈርተው እስከ መጨረሻው የሚያዘገዩ ብዙ ነበሩ። የእኛ ሰበብ ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ልስተካከል፣ ትንሽ ልብሰል፣ ጊዜው ሲደርስ። ታጥቦ ከነጻ በኋላ ገላውን ሊታጠብ የሚሄድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የፊልጵስዩሱ የወኅኒ ጠባቂ እስረኞቹ ያመለጡ መስሎት በዚያች ሌሊት ሰይፍ መዝዞ ራሱን ሊገድል ነበር። ተገርፈው እዚያ የታሰሩት ጳውሎስና ሲላስ «በጌታ በኢየሱስ ክርስቶስ እመን» አሉት። እስኪነጋ እንኳ አልጠበቀም። በዚያው ሰዓት፣ በእኩለ ሌሊት፣ መጀመሪያ የእነሱን ቁስል አጠበላቸው፤ ቀጥሎ እሱ ከነቤተሰቡ ተጠመቀ። ከዚያ ቤቱ አስገብቶ ማዕድ አቀረበላቸው።