ያልበቀለ ዘር ሁሉ የሞተ አይደለም

የተከበራችሁ የዘር ባለሙያዎችና የግጦሽ መሬት መልሶ እንዲያገግም የምትደክሙ ሁሉ፣

በደረቅና ጨዋማ መሬት የተዘራ የዱር ሣር አልበቅል ሲል «ዘሩ ሞቷል» ለማለት አትቸኩሉ። ዘሩ ተጠምቶ ነው ወይስ ተመርዞ?

ዘር እንዲበቅል መጀመሪያ ውኃ መጥጦ ማበጥ አለበት። አፈር ሲደርቅ የቀረችውን ውኃ አጥብቆ ስለሚይዛት ዘሩ መሳብ ያቅተዋል። ጨውም ውኃውን ያስቀርበታል፤ ከዚህም አልፎ ሶዲየምና ክሎራይድ ጽንሱን ሊጎዱት ይችላሉ። ላይ ላዩን ሲያዩት ግን ሁለቱ አይለዩም።

ለመለየት 5.8 ግራም ንጹሕ ሶዲየም ክሎራይድ በውኃ አሟሙታችሁ 1 ሊትር ሙሉት። ከጎኑ ውኃን በእኩል ኃይል የሚይዝ የፖሊኢታይሊን ግላይኮል 6000 ብጥብጥ አዘጋጁ። ሞለኪዩሉ ትልቅ ስለሆነ ወደ ሕዋሱ አይዘልቅም፤ የሚያሳየን ጥማትን ብቻ ነው። ሦስተኛው የተጣራ ውኃ ይሁን። ለእያንዳንዳቸው 25 ዘር የያዙ 4 ሳህኖች መድቡ፤ ሥሩ 2 ሚሊሜትር ሲወጣ በቅሏል ብላችሁ ቁጠሩ። ጨው ውስጥ የበቀለው ግላይኮል ውስጥ ከበቀለው በግልጽ ካነሰ፣ መርዝ አለበት ማለት ነው። በተጣራው ውኃም ጥቂት ብቻ ከበቀለ ግን ምንም አትደምድሙ፤ አዲስ የታጨደ የሣር ዘር ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ላይ ነው።

ሥራውን በብዛት የሚያበላሸው ትነት ነው። ክዳኑ ካልታሸገ ውኃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል፤ በሳምንቱ የምትለኩት መጀመሪያ የበጠበጣችሁትን አይደለም። ስለዚህ ብጥብጡን በየ2 ቀኑ ቀይሩት።

ከዚያ ያልበቀሉትን አጥባችሁ ወደ ተጣራ ውኃ አዛውሯቸው። ይህን ደረጃ እባካችሁ አትዝለሉት። ከ100 ዘር 30 ጨው ውስጥ ቢበቅል፣ ከቀሩት 70 ደግሞ 49ኙ በውኃ ቢነቁ፣ ጨው ያቆያቸው እንጂ የገደላቸው አይደሉም። የቀሩትን 21 በመቆንጠጫ ጫን በሏቸው፤ ልፍስፍስ ያለው ሞቷል፣ ጠንካራው ቴትራዞሊየም በተባለ ማቅለሚያ 1 በመቶ ብጥብጥ ይፈተሽ። ሕያው ጽንስ ቀይ ይሆናል።

መሬት ላይ ደግሞ ጨው ከሚተነው ውኃ ጋር ወደ ላይ ይወጣና ልክ ዘሩ በተኛበት ስስ ገጽ ላይ ይከማቻል። ካፊያ ያሟሟዋል እንጂ ወደ ታች አያወርደውም፤ የሚያወርደው ጠንከር ያለ ዝናብ ነው። እንግዲህ ለምርመራ ከ20 ሴንቲሜትር ጥልቀት የተቀላቀለ አፈር ስትወስዱ፣ ከላይኛው 1 ሴንቲሜትር የተጠረገውን ለብቻው በሌላ ከረጢት ያዙ።