ክፍል 14፦ ሳካን ያላወጣው ልጅ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናቹ፣ እንኳን ደህና መጣቹ። ዛሬ አርብ ነው፣ ነሐሴ 2 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 3 ሰአት አልፏል፣ እኔ ኮዬ ፈጬ ቤቴ ነኝ። የምትሰሙት ድምጽ ዝናቡ ነው፣ መጨረሻው ፎቅ ላይ ስለምኖር ቆርቆሮው ከጭንቅላቴ በላይ ነው ያለው። እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር፣ ግን የነሐሴ ዝናብ ተጠብቆ አያልቅም፣ መብራቱም አሁን ነው የመጣው፣ ስለዚ ሳይሄድ ልቅዳ።

የዛሬ ሳምንት በዚህ ሰአት የፋንታሲው ዴድላይን አልፏል። ለማታውቁት፣ ፋንታሲ ማለት ከእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች በምናብ ብር የራስህን ቡድን ሰርተህ፣ እነሱ በእውነተኛው ጨዋታ በሚሰሩት ነጥብ የምትሰበስብበት የስልክ ጨዋታ ነው። ምሽት 2:30 ይዘጋል፣ 4 ሰአት ላይ ሊቨርፑል ከቦርንማውዝ ይጀምራሉ፣ ከዛ በኋላ እስከ ግንቦት 38 ሳምንት ነው። ፍልሰታም ትናንት ገባ፣ እና እኛ ጋ የፋንታሲ ዝግጅት ሁሌም ከፍልሰታ ጋር ይገጥማል፣ ከቅዳሴ ወጥተን በር ላይ ቆመን በስንት ሚሊየን ማንን ያዝክ እየተባባልን ነው ያደግነው ማለት ይቻላል።

ሊጋችን 12 ሰው ነው። ሁላችንም የአንድ ሰፈር ልጆች ነበርን፣ መሃል ከተማ፣ አንድ ኳስ ሜዳ፣ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት። አሁን ሰፈሩ የለም። አንዱ በኮንዶሚኒየም እጣ፣ አንዱ በኪራይ ውድነት፣ አንዱ ቤቱ ሲፈርስ፣ ሁሉም ወደ ዳር ዳር ወጣ፣ እኔ ኮዬ፣ ሁለቱ የካ አባዶ፣ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ቱሉ ዲምቱ፣ አንዷ ነርስ ናት ቡራዩ ትኖራለች። ከኔ ቤት የካ አባዶ ለመሄድ ሶስት ታክሲ ነው፣ ሰልፉን ሳልቆጥር። በአመት ሁለቴ ብንገናኝ ነው፣ ለቅሶ ላይ ወይ ሰርግ ላይ። ስለዚ አርብ ማታና ቅዳሜ የምንገናኘው ፋንታሲው ላይ ነው፣ አድሚኑ እኔ ነኝ፣ ስድስት አመት ሆነኝ።

መጀመሪያ የቡድኑን ነገር ላውራ፣ ምክንያቱም ከሁለት ሳምንት በላይ ነው ሌላ ነገር ያላሰብኩት። ያው ታውቁታላቹ፣ 100 ሚሊየን፣ 15 ተጫዋች፣ ከአንድ ክለብ ከሶስት በላይ አይቻልም። ዘንድሮ ሳላህ 14.5 ሚሊየን ነው፣ ሃላንድ 14። ሁለቱን አንድ ላይ ስትይዝ 28.5 ሄደ። 71.5 ቀረህ፣ ለ13 ሰው፣ ስታካፍለው ለእያንዳንዱ 5.5። 5.5 ማለት ደህና ተከላካይ ነው፣ ግን አጥቂና አማካይህ በ5.5 ሲሆኑ ሊያምህ ይጀምራል፣ የምትገዛቸው ልጆች ለቡድናቸው ይሰለፉ አይሰለፉ እራሱ ገና አይታወቅም።

ታድያ ሳላህን ተወው እንዳትሉኝ። ባለፈው ሲዝን በ12.5 ጀምሮ 29 ጎል 18 አሲስት፣ 344 ፖይንት፣ በጨዋታው ታሪክ እንደዛ ነጥብ ያመጣ ሰው የለም። መጀመሪያ ላይ ሁለት ሳምንት ሳልይዘው ቆይቼ ምን እንደደረሰብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ደግሞ አንድ ነገር፣ መጋቢት ላይ ካዛብላንካ ከግብጽ ጋር ስንጫወት እሱ ነው የመጀመሪያውን ያገባብን፣ 2 ለ 0 ተሸነፍን፣ እና ያን ቀን ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ግማሹ ሰው የፋንታሲ ካፒቴኑ፣ ማለት ነጥቡ እጥፍ የሚቆጠርለት ተጫዋች፣ እሱ ነበር። ማንም አልጨፈረም። የሀገር ጨዋታ ለፋንታሲ አይቆጠርም ግን ባይቆጠርም ስሜቱ ከባድ ነበር፣ ሳምንቱን ሙሉ ስትጸልይለት የከረምከው ሰው መጥቶ አንተው ላይ ሲያገባ።

ዘንድሮ በጣም ደስ ያለኝ አዲሱ የመከላከል ነጥብ ነው። ተከላካይ ሆኖ ኳስ መንጠቅ፣ ማቋረጥ፣ ማራቅና መዝጋት ተደምሮ በአንድ ጨዋታ 10 ከሞላ 2 ፖይንት ያገኛል፣ አማካይና አጥቂ ደግሞ 12 ነው የሚጠየቁት ግን ባለቤት የሌለው ኳስ ማግኘትም ይቆጠርላቸዋል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እስከዛሬ እኮ እንደ ታርኮቭስኪ አይነት ተከላካይ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ኳስ በጭንቅላቱ ሲያወጣ ውሎ በ88ኛው ደቂቃ ጎል ከገባበት ክሊን ሺቱ፣ ጎል ባለመግባቱ የሚገኘው ነጥብ፣ ይሄድና በ2 ፖይንት ወደ ቤቱ ነበር። አማካዩ ካይሴዶ ሲሮጥ ይውላል፣ ምንም። እኔ ሰፈር ስጫወት አምስት ቁጥር፣ ተከላካይ ነበርኩ፣ ጎል ያገባው ልጅ ነው ትከሻ ላይ የሚወጣው፣ የኛ ስራ ሲበላሽ ብቻ ነው የሚታየው፣ እና ይሄን ህግ ሳነብ የሆነ ሰው ያየኝ ነው የመሰለኝ፣ እውነቴን ነው። ስለዚ ዘንድሮ አራት ተከላካይ አሰልፌ ነው የምጀምረው፣ ሁሉም ሶስት ያሰልፉ እኔ አራት።

ቺፖቹም፣ ማለት በሲዝኑ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የምትጠቀምባቸው ልዩ እድሎች፣ በዝተዋል፣ እንደ ዋይልድካርዱ ሁሉ ቤንች ቡስቱም ትሪፕል ካፒቴኑም ፍሪ ሂቱም ለመጀመሪያው ግማሽ አንድ አንድ ለሁለተኛው አንድ አንድ፣ የመጀመሪያውን እስከ 19ኛው ሳምንት ካልተጠቀምክበት ይቃጠላል። ታህሳስ ላይ ደግሞ የአፍሪካ ዋንጫ አለ ሞሮኮ፣ ሳላህ ይሄዳል፣ ምቤሞ ይሄዳል፣ ለሱ ተብሎ 16ኛው ሳምንት ላይ ነጻ ትራንስፈር፣ ማለት ነጥብ ሳይቀነስብህ ተጫዋች መቀየር፣ ወደ አምስት ይሞላልናል። ይሄን ለቴሌግራም ግሩፑ ከአሁኑ ተናግሬያለሁ፣ ሰው ግን እስከ ታህሳስ ይረሳዋል፣ ያን ጊዜ እንደገና እጽፈዋለሁ።

አፑን መጀመሪያ የከፈትኩ ቀን ሊቨርፑል ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ዲዮጎ ጆታ የለም። ሰኔ 26 ነው እሱና ወንድሙ በመኪና አደጋ ያረፉት። ስንት ሲዝን ይዤዋለሁ፣ ስንቴ ተጎድቶብኝ አውጥቼዋለሁ፣ ተመልሶ ሲያገባ ተናድጄበታለሁ። ነፍሱን ይማረው። አርብ ሲጀመር አንፊልድ ላይ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፣ እኔ ግን ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

እሺ፣ አሁን ዛሬ ማውራት ወደፈለኩት ነገር ልምጣ።

ባለፈው ሲዝን ከመሃላችን አንዱ ልጅ ቡድኑን መንካት አቆመ። ፋንታሲ የምትጫወቱ ታውቁታላቹ፣ የሰው ቡድን ከፍታቹ ማየት ትችላላቹ፣ ትራንስፈር አድርጓል አላደረገም፣ ካፒቴኑ ማነው ምናምን። የዚህ ልጅ ካፒቴን የአርሰናሉ ሳካ ነበር። ሳካ ታህሳስ ላይ ከክሪስታል ፓላስ ጋር ሲጫወቱ ታፋውን ተጎድቶ ወጣ፣ ለወራት ከሜዳ ይቀራል ተባለ፣ ሁላችንም በዛው ሳምንት አወጣነው። እሱ አላወጣውም። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ሳካ ቀይ የጉዳት ምልክት ተለጥፎበት፣ የካፒቴኑ ምልክት አጠገቡ እንዳለ፣ ያው እዛው።  እኔ ያን ሳይ ምን አሰብኩ፣ ሰነፈ ብዬ ነው ያሰብኩት። ከላይ የነበረ ልጅ ነው፣ ሶስተኛ ነበር፣ ወርዶ ወርዶ አስራ ሁለተኛ ሆነ።

ደግሞ የብር ነገር ነበረ። መዋጮ አለን፣ 500 ብር፣ ግማሹን መጀመሪያ ግማሹን ጥር ላይ፣ በቴሌብር ወደኔ ነው የሚገባው። የጥርን አልከፈለም። አንድ ጊዜ ጻፍኩለት፣ ዝም። እና የካቲት ላይ፣ በስራ ተናድጄ የመጣሁበት ቀን ነበር፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ግሩፑ ላይ፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ፣ «መጫወት ካልፈለክ ንገረንና ውጣ፣ ብርህንም አልከፈልክ ቡድንህንም ገድለህ ሊጉን አታበላሽብን» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ሰው ሳቀ፣ አንዱ እሳት አደረገበት። እሱ አላየውም። እኔም ረሳሁት።

ከዛ መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ ማክሰኞ ማታ ነው፣ አርሰናል ከፉልሃም፣ ሳካ ተመለሰ። ተቀይሮ ገባ፣ በደቂቃዎች ውስጥ በጭንቅላት አገባ። ዲኤስቲቪ ቤቱ ጮኸ። እና ግሩፑ ላይ አንዱ ስክሪንሾት ለጠፈ፣ የልጁን ቡድን፣ ካፒቴን ሳካ፣ እጥፍ ነጥብ፣ ከአስራ ሁለታችን ያን ሳምንት ሳካ ያለው እሱ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ አበደ፣ ስሙን እየጠሩ፣ የት ነህ ውጣ፣ የዓመቱ ዲፈረንሻል፣ ማለት ሌላው ያልያዘው ተጫዋች፣ ምናምን። እሱ ዝም። ቴሌግራሙን ከፍቼ ሳየው ለረጅም ጊዜ አልገባም ይላል። የዛን ጊዜ ነው አንድ ነገር ልቤን ቆንጠጥ ያደረገኝ። ይሄ ልጅ አርሰናል ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ፣ ሳካ አግብቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም።

ደወልኩ፣ ጥሪ አይቀበልም። በማግስቱ በድሮ ሰፈር ሰው በኩል የእህቱን ቁጥር አገኘሁ። እናቱ ታመው ነበር ለካ። ከታህሳስ ጀምሮ። ሆስፒታል አዳሪው እሱ ነበር፣ ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፎ፣ ስልኩን ደግሞ ለመድሃኒት ሸጦት ኢንተርኔት የሌላት ትንሽ ስልክ ነው የያዘው፣ ቁጥሩም ሌላ ነው። እኔ ሰነፈ ስል እሱ እዛ ነበር። ሶስት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ቡድኑን ከፍቼ አይ ነበር እኮ፣ ያ ቀይ ምልክት በየሳምንቱ አንድ ነገር ሆኗል እያለኝ ነበር፣ እኔ ነጥብ ነው የማየው።

በዛው ቅዳሜ አራት ሆነን ሄድን። እናቱን ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው፣ ትምህርት ቤት ስንመለስ ዳቦ የሚሰጡን እሳቸው ናቸው። ተኝተው ነበር፣ ሲነቁ አንድ በአንድ በስማችን ጠሩን፣ «ኳሱን ትታቹት ነው የመጣቹት?» አሉን። ቅዳሜ መሆኑን አውቀው። አሁን ደህና ናቸው፣ ቤታቸው ገብተዋል፣ ዱላ ይዘው ነው የሚሄዱት ግን ይሄዳሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ያን ግሩፑ ላይ የጻፍኩትን አጥፍቼዋለሁ፣ ግን ከማጥፋቴ በፊት ለሱ አሳየሁት። ሳያየው አጥፍቼ ይቅርታ ብጠይቀው ምን እንደሆነ አያውቅም ብዬ ነው። አነበበው፣ ትንሽ ዝም አለ፣ «የጥርን 250 እኮ አሁንም የለኝም» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ይሄን ስናገር አሁንም ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

ስለዚ ዘንድሮ ዝግጅቱ የተለየ ነው። ባለፈው እሁድ በድምጽ ተሰብስበን ሁለት ሰአት ተከራከርን። እኔ ብሩ ይቅር ነው ያልኩት፣ ሙሉ በሙሉ። ሚኒባስ የሚነዳው ጓደኛችን ደግሞ ብር ከሌለበት ሰው እስከ ጥር እንኳን አይቆይም አለ፣ ልክ ነው፣ አንድ አመት ያለ ብር ሞክረን ፋሲካ ሳይደርስ አምስት ሰው ቀርቷል። መጨረሻ ላይ 200 ብር፣ ያውም መጨረሻ ላይ፣ ግንቦት ስንገናኝ በእጅ፣ ብለን ተስማማን። እኔ አሁንም አልተመቸኝም ግን ድምጽ ተሰጥቶበታል። ሁለተኛው ህግ የነርሷ ሃሳብ ነው፣ ሁላችንም ጥንድ ጥንድ ሆንን፣ ጥንድህ ሁለት ሳምንት ቡድኑን ካልነካ ትደውላለህ፣ ጽሁፍ አይቆጠርም፣ ድምጹን መስማት አለብህ። ይሄ ላይ ማንም አልተከራከረም። የኔ ጥንድ ማን እንደሆነ መቼም ገምታቹታል።

የፊታችን እሁድ ደግሞ እኔ ጋ ነው የምንሰበሰበው፣ በአካል፣ ቡድን ለመስራት። ጾም ስለሆነ ሽሮና ሱፍ ፍትፍት ይኖራል፣ ባለቤቴ ሱፉን ዛሬ ቆልታ ወቅጣለች፣ ቤቱ ይሸታል። ዘጠኝ ሰው እመጣለሁ ብሏል፣ በዚህ ዝናብና በዚህ ታክሲ ስንቱ እንደሚደርስ እናያለን።

እና ትናንት ማታ ወደ 5 ሰአት ገደማ ተኝቼ ስልኬ በራ። ሊጉን ሲቀላቀሉ ዝርዝሩ ላይ ይወጣል፣ አስራ አንድ ነበርን፣ አስራ ሁለት ሆነ። ስልክ ገዝቷል፣ ያገለገለ ነው። ቡድኑን ገና ስለሆነ ማየት አይቻልም፣ ዴድላይን እስኪያልፍ ተደብቋል፣ ግን እሱ እራሱ ስክሪንሾት ላከልኝ፣ እየው አስተያየት ስጥ ብሎ። ሳካ አለበት። ሁለቱም በረኞቹ ግን ከአንድ ክለብ ናቸው፣ አንዱ ሲሰለፍ አንዱ ይቀመጣል። ይሄን ጽፌለት ልተኛ ነበር፣ ከዛ ተነስቼ ሳሎን ወጣሁና ደወልኩለት፣ በመጀመሪያው ጥሪ ነው ያነሳው።