ዳይሬክተሩ ሊነሱ ነው አሉ! እሺ፣ ከዚያስ?

ሰላም ሰላም ውድ ተመልካቾቻችን! እንዴት ከረማችሁ?

ሰኔ ሲመጣ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛው የወላጆች በዓል ነው። ድንኳን ይተከላል፣ ሞንታርቦ ይከራያል፣ የሚኒ ሚዲያ ልጆች ከጠዋት ጀምረው «ቼክ፣ ቼክ» ይላሉ። ተማሪ ይሸለማል፣ እናቶች እልል ይላሉ። ሁለተኛው ወሬ ነው። «ዳይሬክተሩ ሊነሱ ነው አሉ።» ማን አለ? አይታወቅም። ግን አሉ።

ሰው እነዚህን ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። በዓሉ የልጆች፣ ሹም ሽሩ የትልልቆች። እኔ በዚህ አልስማማም። የዛሬው ቪዲዮ ነገር ይቺ ናት፦ ሽልማቱ ራሱ የርክክቡ አካል ነው። እንዲያውም ዋናው አካል ነው ብዬ እከራከራለሁ። ቆዩ፣ አትሂዱ፣ አስረዳለሁ።

መጀመሪያ መዋቅሩን በሩጫ።

[ሥዕል፦ ከትምህርት ቤት እስከ ሚኒስቴር]

ትምህርት ቤቱን የሚመራው ርእሰ መምህሩ ነው፣ እኛ ዳይሬክተር የምንለው። ከሥሩ ምክትሎች አሉ፣ የተማሪውን ሥነ ሥርዓት የሚከታተሉ ዩኒት ሊደሮች አሉ። ከጎኑ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አለ፣ ወተመህ የሚባለው። ከላዩ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎ የክፍለ ከተማው፣ ቀጥሎ ትምህርት ቢሮ፣ ከሁሉም በላይ ሚኒስቴሩ። አዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተማ አላት። እኛ ዛሬ ያለነው መሀሏ ላይ ነው፤ አራዳ፣ ቂርቆስ፣ ልደታ፣ አዲስ ከተማ። ሰው በየትኛውም እርከን ይቀየራል። ክረምት ላይ የሚበዛውም በምክንያት ነው። በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ ይከፈታል፣ ተማሪ ደግሞ መስከረም ላይ ነው የሚመጣው። መሀል ላይ ያለችው ክፍተት ሰው ለማዘዋወር ትመቻለች። መዋቅሩ ይኼው ነው፣ አለቀ።

አሁን ወደምወደው ክፍል። ቡናችሁን ያዙ።

የዕድር ዳኛ ሲቀየር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሑድ ጠዋት ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል። ክርክር አለ፣ ኩርፊያ አለ፣ «እኔ በቃኝ፣ ለወጣት እንልቀቅ» የሚሉ አሉ። ከዚያ ሁሉ በኋላ አዲስ ዳኛ ይመረጣል። የቀድሞው ያስረክባል። ድንኳን ከነምሰሶው፣ ወንበር፣ ሰታቴ፣ ጭልፋ፣ ሰሃን፣ ብርጭቆ። ብርጭቆው ሁልጊዜ ይጎድላል፣ እሱ የታወቀ ነው። ከዚያ መዝገቡ፣ የባንክ ደብተሩ፣ ማኅተሙ። ይቆጠራል፣ ይፈረማል፣ ይጨበጨባል። ርክክብ ተፈጸመ።

ሐሙስ ሌሊት ላይ ለቅሶ ይሆናል።

አዲሱ ዳኛ ቁልፉን ይዞ ከመጋዘኑ በር ላይ ቆሟል። ድንኳኑ አለ። ግን የትኛው ምሰሶ ነው የሚያጥረው? ቁልቁለት ላይ ላለ ቤት ድንኳኑን መትከል የሚያውቅበት ማነው? በዚህ ሰዓት ሳይነጫነጭ የሚነሳው ማነው? ደግሞ መዝገቡ ላይ ሦስት ወር ያልከፈሉ አንድ ወይዘሮ አሉ። ደንቡ ቅጣት ይላል። የቀድሞው ዳኛ ግን ልጃቸው ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበር ያውቁ ነበር፤ ዝም ብለዋቸው ነበር። ይኼ የት ተጽፏል? የትም። ጡሩምባ ነፊው ያውቃል። የሰፈሩን ቤት ሁሉ፣ ውሻ ያለበትንና የሌለበትን ሳይቀር ያውቃል። ግን ጡሩምባ ነፊውን ማን ጠየቀው? በርክክቡ ቀን ከኋላ ቆሞ ነበር። ስሙም አልተጠራም።

አያችሁ ወዴት እንደምሄድ? ዕቃው ተላልፏል፣ ሰውን ማወቁ አልተላለፈም። የቀድሞው ዳኛ በዚያ እሑድ ተነስተው «ይኼ ሰው በክረምት ሌሊት ድንኳን የተከለ ነው፣ አመስግኑልኝ» ቢሉ ኖሮ፣ አዲሱ ዳኛ ሐሙስ ሌሊት የማንን በር እንደሚያንኳኳ ያውቅ ነበር። ምስጋናው ለተመስጋኙ ብቻ አይደለም። ለተረካቢው መረጃ ነው። ይቺን ደግሜ ልበላት፤ ምስጋናው ለተረካቢው መረጃ ነው።

(ዕድርና ዕቁብ ላይ የሠራነው ሌላ ቪዲዮ አለ፣ እዚህ ጥግ ላይ አስቀምጥላችኋለሁ። ላይክም አትርሱ፣ ላይክ በነፃ ነው።)

ወደ ትምህርት ቤቱ። የዳይሬክተር ርክክብ ወረቀት ላይ የሚሰፍረውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቶሎ ልለፈው። ቋሚ ንብረት፣ የስቶር መዝገብ፣ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ)፣ ማኅተም፣ የባንክ ፊርማ ለውጥ፣ ስትራቴጂክ ዕቅድ፣ የዓመቱ ሪፖርት፣ የኢንስፔክሽን ውጤት ከደረጃ 1 እስከ 4፣ የሠራተኛ ማኅደር። አስረካቢ፣ ተረካቢ፣ አረካካቢ፣ ሦስት ፊርማ። በቃ።

ወረቀቱ ላይ የማይሰፍረውስ? አንዲት ዩኒት ሊደርን አስቡ። ቤተሰቡ ከፒያሳ ተነስቶ ወደ ከተማው ዳር የሄደ ልጅ አለ፤ ትምህርት ቤቱን አልቀየረም፣ ሁለት ታክሲ ይዞ ይመጣል፣ ያረፍዳል። እሷ ታውቀዋለች። በር ላይ ቆሞ እንዳይቀር ታስገባዋለች። ወይም ምገባ ላይ የሚሠሩትን እናቶች አስቡ። የትኛው ልጅ ምሳውን ግማሹን ለታናሹ በላስቲክ እንደሚይዝ ከነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሪከርድ ክፍል ያለው ሠራተኛ፣ ከብዙ ዓመት በፊት የወጣ ተማሪ ትራንስክሪፕት ሲጠይቅ ፋይሉን አቧራ አራግፎ የሚያመጣው። እነዚህ ሰዎች በወላጆች በዓል መድረክ ላይ ስማቸው ሲጠራ ሰምታችኋል? እኔ ብዙም አልሰማሁም።

እና አሁን… ቆይ። ወደ ሽልማቱ ከመግባቴ በፊት ኮሜንት ላይ አንድ ነገር አለ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር ደጋግማችሁ የጻፋችሁት ነው። እንዲህ ይላል፦ «ዳይሬክተር ዝም ብሎ አይነሳም። ወይ በልቷል፣ ወይ ከወረዳው ጋር ተጣልቷል።» ብዙ ላይክ አለው። በጣም ብዙ።

ወገኖቼ፣ ይኼ ነገር ያናድደኛል። በልቶ የተነሳ የለም አላልኩም። አለ። ተገምግሞ የወረደም አለ። ግን ሰው ከወንበር የሚነሳበት መንገድ ስንት ነው! ጡረታ አለ፤ መንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ይወጣል፣ ይኼ ጥፋት አይደለም፣ ልደት ነው። ለትምህርት የሚሄድ አለ። ወደ ወረዳ ወይም ወደ ክፍለ ከተማ አድጎ የሚሄድ አለ። የደከመ ትምህርት ቤት እንዲያነሳ ሆን ተብሎ የሚዛወር አለ፤ ይኼኛው የሚላከው ጎበዝ ስለሆነ ነው! ቢሮው ሰልችቶት «ወደ ክፍሌ መልሱኝ፣ ጠመኔዬን ስጡኝ» የሚልም አለ። እሱን ደግሞ እኔ በግሌ ባርኔጣ አውልቄለት ነው የማልፈው።

ታሪክ ካስፈለጋችሁ ታሪክ አለ። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወጡ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት አለ፤ በ1917 የተከፈተው፣ ኋላ እንጦጦ የተባለው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ካናዳውያን የኢየሱሳውያን ማኅበር (ጀስዊት የሚባለው የካቶሊክ ካህናት ማኅበር) መምህራን ይመሩት ነበር። ከዳይሬክተሮቹ አንዱ ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። እኚህ ሰው ከትምህርት ቤቱ ተነሱ። በዛሬው ኮሜንት ቢሆን «ምን አጥፍተው ነው?» ይባል ነበር። ያጠፉት ነገር ቢኖር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን እንዲያቋቁሙ መታዘዛቸው ነው። ኮሌጁ በ1943 ተከፈተ፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም እሳቸው ሆኑ። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ ነው የተነሳው። ዳይሬክተር ተነሣ፣ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። በሉ እንግዲህ፣ በልቶ ነው በሉኝ!

የዚህ ወሬ ጉዳቱ ደግሞ ሌላ ነው። ሰው ሲነሳ ሁሉ ጥፋተኛ ከተባለ፣ ዳይሬክተሩም ተደብቆ ነው የሚሄደው። ሐምሌ ላይ፣ ግቢው ባዶ ሲሆን፣ ካርቶኑን ይዞ። ማንም ሳይሰናበተው። የሚያውቀውንም ይዞ ይሄዳል። አንድ ሰው ደግሞ «አዲሱስ የማን ዘመድ ነው?» ብሎ ጽፏል። ወንድሜ፣ ገና ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም እኮ!

እሺ፣ ተረጋግቻለሁ። ሽልማት።

ሽልማት ሲባል ከ1ኛ እስከ 3ኛ ነው። ለ1ኛ ደብተር፣ ለ2ኛ ደብተር፣ ለ3ኛም ደብተር፣ ብቻ ቀነስ ያለ። የከተማው መንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ጀምሮ ለተማሪው ደብተርና ዩኒፎርም በነፃ ይሰጣሉ። ደብተር ላለው ልጅ ደብተር! መዝገበ ቃላት ስጡት፣ ኳስ ስጡት፣ እንጃ፣ ሌላ ነገር።

ለመምህራን ደግሞ «ምስጉን መምህር» አለ። ጥሩ ነው። ግን ብዙ ቦታ ተራ በተራ ነው የሚሄደው። ዘንድሮ አማርኛ ክፍል፣ ከርሞ ሒሳብ ክፍል። ተራ ከሆነ ሽልማት አይደለም፣ ዕቁብ ነው። የመምህር እድገት ራሱን የቻለ መሰላል አለው፤ ከጀማሪ መምህር ተነስቶ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር። መሰላሉ ላይ ለመውጣት የሥራ አፈጻጸም ምዘና ያስፈልጋል። ዳይሬክተሩ ምዘናውን ሳይጨርስ ከሄደ፣ አዲሱ ያላየውን ሥራ እንዴት ብሎ ይመዝናል? ስለዚህ አስረካቢ ሆይ፣ ጋቢ ከመልበስህ በፊት ምዘናህን ሙላ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን 12ኛ ክፍል ነው። ልብ በሉ። አገር አቀፍ ፈተናው ላይ ከግማሽ በላይ ያመጡት በ2014 ከተፈታኞች 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015፣ 3.2። በ2016፣ 5.4። በ2017፣ 8.4። በ2015 ብቻ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ቁጥሩን ለማስደንገጥ አይደለም ያመጣሁት። ጊዜውን እዩልኝ። የ2015 ተፈታኞች ውጤታቸውን ያዩት በ2016 መስከረም ነው። የ2017ቶቹም በ2018 መስከረም። ሰኔ ላይ ድግሱ አልፏል። ሐምሌ ላይ ዳይሬክተሩ ሄዷል። መስከረም ላይ ውጤቱ ይመጣል፣ አዲሱ ዳይሬክተር ወንበሩ ሳይሞቅለት ወይ ይጨበጨብለታል ወይ ይወቀሳል። በሱ ያልሆነ ዓመት! ባነሩ ላይ የሱ ፎቶ ይወጣል፣ የለፋው ሰውዬ ሌላ ወረዳ ሆኖ በቴሌግራም ያየዋል።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። ሰኔ ላይ የሚሄደው ዳይሬክተር ራሱ መድረክ ላይ ይውጣ። ዝርዝሩን እሱ ያንብብ። ከስሙ ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምር፣ ለምን እንደሚሸለም። «ቲቸር እገሌ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ 12ኛዎቹን ሒሳብ ሲያስጠና ነበር።» «እገሊት፣ ከ38ኛ ደረጃ ወደ 12ኛ ደረጃ የመጣች።» 1ኛ የወጣችውማ ድሮም 1ኛ ናት፣ ትጨብጨብላት፤ ግን ከ38ኛ የመጣችዋን አዲሱ ሰው ካላወቃት መስከረም ላይ ትወድቃለች። ሽልማቱን ደግሞ የሚመጣው ይስጥ፣ ከታወቀ። ካልታወቀ ምክትሉ። አስረካቢ ይጥራ፣ ተረካቢ ይሸልም። እጅ ሲጨብጥ ፊቱን ያየዋል፣ ስሙን ይሰማዋል። መስከረም ላይም 12ኛዎቹ ውጤት ሲመጣ የቀድሞውን ጠርታችሁ አብራችሁ አክብሩ። የታክሲ ሒሳብ ነው፣ አያደኸይም።

ንግግሩን ግን አሳጥሩ! የክብር እንግዳው አርፍዶ ይመጣል፣ ከመጣም ገና ከመዋቅሩ ይጀምራል። ሰኔ ነው፣ ዝናብ አለ። የአንደኛ ክፍል ልጅ ሻማ ይዞ ለመዘመር ሁለት ሰዓት ቆሟል።

የመጨረሻ ጥያቄ ከአንዲት እናት፦ «ለሚሄዱት ዳይሬክተር ገንዘብ አዋጥተን ስጦታ ብንሰጥ ነውር ነው?» ነውር የለውም እናቴ፣ በወተመህ በኩል፣ የወደደ ብቻ፣ በደረሰኝ። በልጅ ደብተር ውስጥ «እናትህ 200 ብር ትላክ» የሚል ወረቀት ከመጣ ግን አትስጡ፣ ስብሰባ ጥሩ። ጋቢ ይበቃል። ቴሌቪዥን ምን ያደርጋል፣ ቤታቸው ቴሌቪዥን አለ።

በሚቀጥለው ቪዲዮ የነሐሴን ምዝገባ እናያለን፤ መሸኛ፣ ካርድ፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ ያ ሁሉ ሰልፍ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሏን ተጫኑ። የናንተ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሲቀየር ምን እንደጠፋ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። «በልቶ ነው» ብሎ የሚጽፍ ካለ ግን አነበዋለሁ፣ ልብ አልሰጥም። ቻው!