ጁልየን ዞር ባይልስ ኖሮ? ስለ «ኦ ሬቯር ሌዛንፋን» መጨረሻ

ውድ የፊልም ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

«ኦ ሬቯር ሌዛንፋን»ን፣ በኛ ቋንቋ «ደህና ሁኑ ልጆች» የሚለውን ፊልም፣ ከሰው ጋር ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ቦኔን ያስያዘው ጁልየን ነው አይደል?» ጁልየን በፊልሙ ያለ ተማሪ ነው፤ ቦኔ ደግሞ በሐሰት ስም የተደበቀ አይሁዳዊ የክፍል ጓደኛው። ዛሬ የምናገረው ስለዚህችው ጥያቄ ነው።

የፊልሙ ዳይሬክተር ሉዊ ማል የተረከልን የራሱን ልጅነት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1944 የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ፈረንሳይ በናዚ ጀርመን እጅ ወድቃለች። እሱ የሚማረው ፎንቴንብሎ አጠገብ፣ አቮን በሚባል ቦታ፣ የካቶሊክ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ኃላፊው አባ ዣክ ሦስት አይሁዳውያን ልጆችን ስማቸውን ለውጠው ከተማሪው ጋር ቀላቀሏቸው። ሲነቃባቸው ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበር። በፊልሙ አባ ዣን ይባላሉ። ከልጆቹ የአንዱ ቅጽል ስም ደግሞ «ኔጉስ» ነው፤ የኛው «ንጉሥ»። ስሙን በሰማሁ ቁጥር ልጁ የሰፈሬ ልጅ ይመስለኛል።

ወደ ክፍሉ እንግባ። የጌስታፖው፣ የናዚው ሚስጥራዊ ፖሊስ፣ ሰው «ዣን ኪፕልሽታይን የቱ ነው?» አለ። የቦኔ እውነተኛ ስም ነው። ጸጥ። ሰውየው ጀርባውን ሲሰጥ ጁልየን ቦኔን ሰረቅ አድርጎ አየው። አለቀ። ቦኔ ዕቃውን ሰብስቦ ተነሳ፤ አጠገቡ ያሉትን ልጆች እየጨበጠ ተሰናበታቸው። ያቺን ስንብት ማየት ይከብደኛል።

ጁልየን ግን የፈራ ልጅ ነው። ቦኔ ራሱ ኋላ ላይ «አትጨነቅ፣ ለማንኛውም ይይዙኝ ነበር» አለው።

ነገሩ የተበላሸው ቀደም ብሎ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ዮሴፍን አስታውሱት። የሚያነክስ፣ ድሃ፣ ተማሪው ሁሉ የሚቀልድበት የወጥ ቤት ረዳት። የሀብታም ልጆች ከቤት የተላከላቸውን ማርማላታ እያመጡ ከሱ ጋር ይለዋወጣሉ፤ ጁልየንም አንዱ ነው። ንግዱ ሲታወቅ አባ ዣን ተማሪዎቹን ለወላጆቻቸው ሲሉ አለፏቸው። ዮሴፍን ግን አባረሩት። በደል መሆኑን በገዛ አፋቸው ተናገሩ፤ ተናግረውም አባረሩት። ልጁ እያለቀሰ ወጣ።

ተመልሶ ሲመጣ ከጀርመኖቹ ጋር ነው። ለጁልየንም እናንተ ጋር ባልነግድ ኖሮ አልባረርም ነበር አለው። ዮሴፍን ንጹሕ አላደርገውም። ጠቁሟል፤ ሕፃናት አሳልፎ ሰጥቷል። ግን የእግዜር እንግዳ ለማስጠጋት ሕይወታቸውን የሰጡ አባት፣ ለገዛ ቤታቸው ልጅ በር ዘጉ። ፊልሙን ባየሁ ቁጥር የሚያመኝ እዚህ ላይ ነው። እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ፤ ለዚህም ነው የሚያመኝ።

ከዚያ ግቢው አለ። ልጆቹ ተሰልፈዋል። አባ ዣን ዞር ብለው «ደህና ሁኑ ልጆች፤ በቅርቡ እንገናኛለን» አሉ። አልተገናኙም። ሦስቱ ልጆች አውሽቪትስ፣ የናዚ የሞት ካምፕ ውስጥ ሞቱ። እውነተኛው አባ ዣክ ማውትሃውዘን የተባለው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ነፃ ሲወጣ በሕይወት ነበሩ፤ ግን ተዳክመው በሰኔ 1945 ሊንዝ ከተማ አረፉ። ማል ፊልሙን ያወጣው በ1987 ነው። መጨረሻ ላይ የሚሰማው የራሱ ድምፅ ነው፤ ከአርባ ዓመት በኋላም ያቺን ጠዋት እያንዳንዷን ሰከንድ እስኪሞት እንደሚያስታውስ ይነግረናል።

አሁን ያቺን የግቢ ትዕይንት ደግመን እናያለን። ቦኔ በሩ ጋ ደርሶ ሲዞር የጁልየንን እጅ ተመልከቱ። ትንሽ ነው ከፍ የምትለው። ከዚያ ቦኔን ይጎትቱታል፤ በሩም ባዶውን ይቀራል።

አመሰግናለሁ።