ኒም በቆላ ግቢ፦ ችግኙን በጥልቀት ማጠጣት

[ምስል፦ ድሬዳዋ፣ እኩለ ቀን። በኒም ዛፍ ጥላ ሥር የቆሙ ባጃጆች]

ድሬዳዋ ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ሰው ሁሉ መንገዱን የሚመርጠው ጥላውን እያየ ነው። ያንን ጥላ ከሚሰጡት ዛፎች አንዱ ኒም ነው። ግቢያችሁ ሞቃትና ደረቅ ከሆነ ከእሱ የተሻለ ባለውለታ ማግኘት ከባድ ነው።

የኒም መነሻ ሕንድና አካባቢዋ ነው። በዓመት 400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይበቃዋል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ከቀረበው ደግሞ ከዚያም ባነሰ ይኖራል። ሐጅ ያደረጋችሁ በዓይናችሁ አይታችሁታል፤ መካ አጠገብ፣ አረፋት ሜዳ ላይ ለሐጃጆች ጥላ እንዲሆን በአሥር ሺዎች የተተከለው ይኸው ዛፍ ነው።

ብርድና የተኛ ውሃ ግን አይችልም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ አትድከሙበት። የምናወራው ስለ ድሬዳዋ፣ ስለ መተማ፣ ስለ አዋሽ ሰባት ዓይነት ቦታ ነው።

[ምስል፦ ቢጫ የበሰለ የኒም ፍሬ በእጅ መዳፍ ላይ]

ከዘር ማፍላት ከፈለጋችሁ ቶሎ በሉ። የኒም ዘር የመብቀል አቅሙን የሚያጣው በሳምንታት ውስጥ ነው፤ ለከርሞ ብላችሁ ብታስቀምጡት አይበቅልም። ፍሬው ቢጫ ሲሆን ልቀሙ፣ ሥጋውን አጥባችሁ አውጡ፣ አንድ ሁለት ቀን ጥላ ላይ አድርቁና ወዲያው ዝሩ።

ችግኙ ጉልበት ሲደርስ በሐምሌ መጀመሪያ ትከሉ። ጉድጓዱ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ይኑረው። ፕላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡ፤ ከታች የተጠማዘዘ ሥር ካለ ቁረጡት፤ ተጠማዝዞ ከቀረ ወደ ታች አይሄድም። ከቤት ግድግዳና ከሴፕቲክ ታንክም አርቁት፤ ከአምስት ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። ቅጠሉ መራራ ቢሆንም ፍየል ስለማይምረው እሾህ አጥሩበት።

[ምስል፦ ከጀሪካን በዝግታ የሚንቆረቆር ውሃ]

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ብዙ ሰው ችግኙን ስለሚወድ በየማታው አንድ ጆግ ያፈስለታል። ደግነት ይመስላል፤ ችግኙን ግን ይጎዳዋል። አንድ ጆግ ውሃ የሚያርሰው የላይኛውን አፈር ብቻ ነው። ሥሩም ውሃ ወዳለበት ስለሚሄድ እላይ ተሰብስቦ ይቀራል። እናንተ ለአንድ ወር ዘመድ ጥየቃ ብትሄዱ፣ ያ የላይኛው አፈር በመጀመሪያ ይደርቃል፣ ዛፉም አብሮት።

በዚህ ፋንታ በግንዱ ዙሪያ ክብ ገንዳ አብጁና ዝናብ በሌለበት ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሙሉ ጀሪካን፣ 20 ሊትር፣ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ውሃው ወደ ታች ይሰርጋል፤ ሥሩም ይከተለዋል። በሁለተኛው ዓመት በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ ይበቃል። ዛፉ ባደገ ቁጥር ገንዳውን ከግንዱ እያራቃችሁ አስፉት፤ ውሃ የሚጠጣው ቀጭን ሥር ያለው ራቅ ብሎ ነው። ገንዳው ላይ ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ጎዝጉዙ፤ ግንዱን ግን አይንካ። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ዛፉ ከከባድ ድርቅ በቀር ራሱን ይችላል።

ውሃው በማግስቱም ተኝቶ ካያችሁት ቦታው ለኒም አይሆንም፤ ሌላ ፈልጉ።

[ምስል፦ ቅጠሉ የረገፈ ኒም፤ ከዚያ አዲስ ቀላ ያለ ቅጠል]

ኒም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ቢሆንም ድርቅ ሲጠናበት ቅጠሉን ሊያራግፍ ይችላል። ሞቷል ብላችሁ መጥረቢያ አታንሡ። ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ አድርጉ፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፤ እንደገና ያቆጠቁጣል።

የታችኛዎቹን ቅርንጫፎች በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየመለመላችሁ ከፍ አድርጉት፤ ሰው ቆሞ የሚያልፍበት ጥላ የሚገኘው እንዲያ ነው። በአንድ ጊዜ አትላጩት፤ ግንዱ በፀሐይ ይቃጠላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለእናቶችና ለአባቶች፦ ከዘሩ የሚጨመቀው ዘይት ለተባይ መከላከያ ይጠቅማል፤ ሕፃን ከጠጣው ግን ከባድ መመረዝ ያስከትላል። ጠርሙሱን ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡ።