«አይዞሽ» ያልኩባት ቀን

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ባህር ዳር፣ ያችው የሽምብጧ ክፍሌ ውስጥ ነኝ። ስለ ፍየሏ የጻፋችሁልኝ ደርሶኛል፤ አልመልስም። ፍየሏም የግል ሕይወት አላት።

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ማስታወሻ ሁሉ ይዤ። ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። የትንሿ ልጄ የቴኳንዶ ቀበቶ ፈተና።

ቴኳንዶ እንደጀመሩ ታውቃላችሁ፣ ሁለቱም ልጆቼ። ትልቁ፣ ያው አቶ ለምን፣ የመጀመሪያው ቀን «ኪያፕ» ብሎ ሲጮህ አዳራሹን አናጋው። ትንሿ ሦስት ሳምንት ግድግዳ ተደግፋ አየች። ዶቦኳን፣ የቴኳንዶ ልብሷን፣ ለብሳ! እኔ እከፍላለሁ፣ እሷ ታያለች። ማስተሩ ምንም አላላትም። እኔ ነኝ ለሰው ሁሉ «ፈሪ ናት» ስል የነበርኩት። እሷ እየሰማች።

ለፈተና የመጣችው ቾን-ጂ ናት፤ በቃል ተይዛ በተራ የምትሠራ የጀማሪዎቹ የእንቅስቃሴ ቅንብር። 19 እንቅስቃሴ አላት። ወደ ታች መከላከል፣ ቡጢ፣ ዞሮ መከላከል፣ ቡጢ። እኔም ሸምድጃታለሁ፤ ሽሮ እያማሰልኩ እግሬ ይሄዳል። (ሳቅ) መጨረሻዋ ላይ ግን ለየት ትላለች። 17ኛዋ ወደ ፊት ናት። 18ኛዋና 19ኛዋ ወደ ኋላ እየተራመዱ ነው የሚመቱት። እያፈገፈጉ ቡጢ።

17ን መታች። ከዚያ ቆመች።

እጇ እንደተዘረጋ ነው። አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዱ አባት ስልኩን ይዞ ይቀርጻል፣ የሱን ልጅ መሰለኝ። እኔ ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር መጣ። ማስተሩን አየሁት፤ መዳፉን ትንሽ ከፍ አድርጎ ወደ እኔ አሳየኝ። «ቆዪ» ማለቱ ነው። ገብቶኛል እኮ! አይቼዋለሁ። ግን አፌ ቀደመኝ። «አይዞሽ እናቴ!» አልኩ። ጮክ ብዬ።

ሰው ሁሉ ዞረ። እሷም ዞረች። ያየችኝን አስተያየት... እንዴት ልበላችሁ። ንዴት አይደለም። ከዚያ ዞራ 18፣ 19። ጨረሰች። አለፈችም፣ ለነገሩ።

በባጃጅ ስንመለስ ዝም። በጊዮርጊስ በኩል ሐይቁ ዳር ወርደን ለስላሳ ገዛሁላቸው። ጠርሙሱን እያየች «ለምን አይዞሽ አልሽኝ?» አለች። «ፈርተሽ መስሎኝ።» «አልፈራሁም። እየቆጠርኩ ነበር። ወደ ኋላ የትኛው እግር እንደሚቀድም።»

እየቆጠርኩ ነበር።

እዚያ ዳር ላይ አንድ ሰውዬ የደንገል ታንኳውን አቁሞ ያደርቅ ነበር። ደንገል ውሃ ይጠጣል አይደል? ካላደረቁት እየከበደ ይሄዳል። ሲያዩት ሥራ የፈታ ታንኳ ነው የሚመስለው፤ ግን ለነገ እየተዘጋጀ ነው... ተውኝ፣ ይሄን ለምን እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም። አማረኝ መሰለኝ።

ማታ አነበብኩ። ቶማስና ቼስ የሚባሉ ባልና ሚስት፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች፣ በ1956 እንደ ፈረንጆቹ ኒውዮርክ ውስጥ ሕፃናትን መከታተል ጀመሩ። 133 ልጆችን ለዓመታት። 15 በመቶ ገደማ የሚሆኑት አዲስ ነገር ሲገጥማቸው መጀመሪያ ይሸሻሉ፣ በራሳቸው ጊዜ ደግሞ ይለምዱታል አሉ። ዋናው የልጁ ጠባይና ከሱ የሚጠበቀው ነገር መግጠሙ ነው፣ ይላሉ። ቆንጆ። ግን ኒውዮርክ ነው፣ አብዛኞቹም ደህና ኑሮ ያላቸው ቤተሰቦች ናቸው። ሽምብጥ መጥቶ የጠየቀን የለም። ደግሞ አሁን «ፈሪ» የሚለውን አንስቼ «ቀስ ብላ የምትለምድ» ብለጥፍባት ያው ስም ነው። ረዘመ እንጂ።

ደግሞስ እውነት እየቆጠረች ነበር? ወይስ ፈርታ፣ እኔ እንዳልከፋ ብላ ነው? ስምንት ዓመቷ ነው። በስምንት ዓመቴ እኔም እናቴን እንዲህ እሸውዳት ነበር። «አልራበኝም» እያልኩ።

ሌላው ነገር... ይሄን ላውራው አላውራው እያልኩ ነው። ትልቁ ፈተናውን አንድም ሳይሳሳት አለፈ። ተጨበጨበለት። ከዚያ ወዲህ ግን ቅዳሜ ጠዋት በደረሰ ቁጥር ሆዱን ያመዋል። እኔ ያን ቀን ሙሉ ዓይኔ እሷ ላይ ነበር። እሱን «ጎበዝ ነው፣ እሱ ምን ይሆናል» ብዬ... እሱን «ምን ሆንክ» ያለው ሰው የለም። እኔም አላልኩትም። ሁሌ «ለምን» የሚለው እሱ ነዋ። እሱን መጠየቅ ትዝ አይልም።

ነገ ቅዳሜ ነው። ትንሿ «ነይና እዪኝ» ብላኛለች። «ግን ዝም በይ» ብላ። (ሳቅ) እችላለሁ? እሱን ደግሞ ዛሬ ማታ... ወይስ ጠዋት ሆዱን ሲያመው ነው የምጠይቀው? ብጠይቀውስ «ምንም» ነው የሚለኝ፣ ከዚያ እኔ—

ኧረ! ፍየሏ ገመዷን ፈታች መሰለኝ። ቆዩኝማ...